ከአየር ላይ የሚነሣ የንግድ ቪዲዮ፤ የካሜራው አመቻቸትና የቀለሙ እርማት

ዕቃውን ለሩቅ ገዢ የሚያቀርብ ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ ናሙና የመላክ ልማድ አለው። ናሙናው ከጭነቱ ጋራ ያልተመሳሰለ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ውሉ ለክርክር፤ የነጋዴውም ስም ለሐሜት ይጋለጣል። በዘመናችን ደግሞ ከናሙናው ቀድሞ በገዢው ዓይን ፊት የሚቀርብ ሌላ ነገር ተገኝቷል፤ ይኸውም በድሮን ከአየር ላይ የተነሣ ቪዲዮ ነው። ቡና ላኪው እርሻውንና ማጠቢያ ጣቢያውን፤ አበባ አምራቹ ግሪንሃውሱን፤ አስመጪውም መጋዘኑን በዚሁ መንገድ ያሳያል። እንግዲህ ቪዲዮው ራሱ እንደ ናሙና ሊቈጠር የሚገባው ስለሆነ፤ ማማሩ ብቻ ሳይሆን እውነተኛነቱም ሊታሰብበት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰዎች ድሮኑን ካስነሡ በኋላ የካሜራውን ሥራ ሁሉ ለመሣሪያው ይተዉለታል። መሣሪያው ግን ብርሃንን እንጂ ዕቃን አያውቅም። ድሮኑ ከጥላ ዛፎች በላይ አልፎ ቡና ወደ ተሰጣባቸው የማድረቂያ አልጋዎች በደረሰ ጊዜ፤ ካሜራው የብርሃኑንና የቀለሙን መጠን በገዛ ራሱ ይለዋውጣል። ከዚህ የተነሣ በዚያው በአንድ ቪዲዮ ውስጥ እሸቱ ቡና አንድ ጊዜ ቀይ፤ አንድ ጊዜ ብርቱካናማ መስሎ ይታያል፤ የታጠበውም ቡና በብርሃን ተቃጥሎ ምንም ዝርዝር የሌለው ነጭ ይሆናል። ይህን ለማስቀረት ካሜራውን በእጅ ማመቻቸት ይገባል።

ስለ ምስሎች ብዛትና ስለ ሻተር

ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚከታተሉ ነጠላ ምስሎች ስብስብ ነው። በሴኮንድ 24፤ 25 ወይም 30 ምስል ማንሣት የተለመደ ነው። ኢትዮጵያን በመሰሉ የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ በሆነባቸው አገሮች 25 ምስል መምረጥ ይበጃል፤ ምክንያቱም በመጋዘን ወይም በሌሊት በመብራት ሲነሣ የመብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት በምስሉ ላይ እንዳይታይ ይረዳል።

የሻተሩ ፍጥነት ደግሞ የምስሎቹን ቍጥር እጥፍ እንዲያህል ይደረጋል። በሴኮንድ 25 ምስል ለሚነሣ ቪዲዮ ሻተሩ የሴኮንድ 1/50ኛ ይሆናል ማለት ነው። ሻተሩ ከዚህ እጅግ በፈጠነ ጊዜ እያንዳንዱ ምስል ደርቆ ስለሚቀረጽ፤ የመኪናው ጕዞና የሠራተኛው እጅ የሚዘል መስሎ ይታያል። እጅግ በዘገየ ጊዜም ምስሉ ይደበዝዛል።

ስለ ኤን ዲ ማጣሪያ

ችግሩ የሚመጣው ከፀሐይ ነው። በጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ፤ አይኤስኦ 100 ሆኖ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16 ቢሆን፤ ተስማሚው ሻተር ወደ 1/100ኛ ሴኮንድ ይጠጋል። የብዙ ድሮኖች ሌንስ ግን ኤፍ 2.8 ነው፤ ይህም ከኤፍ 16 በ32 እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ስለሚያስገባ፤ ሻተሩ 1/3200ኛ ሴኮንድ እንዲሆን ያስገድዳል። ይህን ወደ 1/50ኛ ለመመለስ ብርሃኑን በ64 እጥፍ መቀነስ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ኤን ዲ የሚባለው ጥቁር ማጣሪያ ነው። በላዩ የተጻፈው ቍጥር ብርሃኑን ስንት እጥፍ እንደሚቀንስ ያመለክታል፤ ስለዚህ ከላይ ለተነገረው ሁኔታ ኤን ዲ 64 ይበቃል። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ኤን ዲ 8 ወይም 16 ይመረጣል።

ቀዳዳው የሚጠብና የሚሰፋ ሌንስ ያለው ድሮን ሥራውን ያቀላል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲጄአይ ማቪክ 3 ዋናው ካሜራው ከኤፍ 2.8 እስከ ኤፍ 11 ይለዋወጣል። ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ቢደረግ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ስለሚቀንስ በ64 ፈንታ ኤን ዲ 16 ይበቃዋል። ማጣሪያው በአየር ላይ ሊለወጥ ስለማይችል፤ ድሮኑ ከመነሣቱ በፊት ተመርጦ ሊገጠም ይገባል።

ስለ አይኤስኦና ስለ ነጭ ሚዛን

አይኤስኦ በቀን ብርሃን ዝቅተኛው ላይ፤ ማለትም ባብዛኛው 100 ላይ መቆየት አለበት። ከፍ በተደረገ መጠን በጥላው ክፍል ላይ አሸዋ የሚመስል ነቁጥ ይበዛል። የነጭ ሚዛን የሚባለው ካሜራው ነጩን ነገር ነጭ አድርጎ የሚያይበት ልክ ነው። በፀሐይ 5500 ኬልቪን ገደማ፤ በደመና 6500 ገደማ ላይ አስሮ ማቆየት ይበጃል። በገዛ ራሱ እንዲለዋወጥ የተተወ እንደሆነ ግን ቀለሙ በበረራው መካከል ስለሚቀየር፤ በኋላ ለማረም እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ከበረራው በፊት ግራጫ ወይም ንጹሕ ነጭ ወረቀት በዚያው ብርሃን ውስጥ ለጥቂት ሴኮንድ ማንሣት ለኋለኛው እርማት ታማኝ ምስክር ነው።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ከጐን ስለሚመጣ የመሬቱን ቅርጽና የረድፎቹን አሠራር አጉልቶ ያሳያል። በ6 ሰዓት ቀን ግን ጥላው ከሥር ተሰብስቦ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይመስላል። የግሪንሃውስ ላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ጣራ በሚነሣበት ጊዜም የሚታየው ዕቃ በብርሃን እንዳይቃጠል፤ በመቆጣጠሪያው ላይ ያለውን የብርሃን ሥዕላዊ መለኪያ መመልከት ያስፈልጋል። የጨለመውን ክፍል በመጠኑ ማንሣት ሲቻል፤ የተቃጠለውን ነጭ ግን መመለስ አይቻልም።

ስለ ሎግና ስለ ቢት

ባለሙያዎች ሎግ በሚባለው አቀራረጽ ማንሣትን ይመርጣሉ። ቪዲዮው በመጀመሪያ የደበዘዘና ቀለም የጐደለው ይመስላል፤ ነገር ግን በብሩህና በጨለማው ክፍል ያለውን ዝርዝር ይዞ ስለሚቆይ በኋላ ለእርማት ይመቻል። ይህ የሚበጀው ካሜራው 10 ቢት ሲቀርጽ ነው። 8 ቢት ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ሲሰጥ፤ 10 ቢት 1024 ደረጃ ይሰጣል። ደረጃው ባነሰ ጊዜ ሰማዩ ከእርማት በኋላ መሥመር መሥመር ይሠራል። 8 ቢት ብቻ ያለው መሣሪያ የያዘ ሰው ሎግን ትቶ በተራው አቀራረጽ ቢያነሣ ይሻለዋል።

ስለ ቀለም እርማት

እርማቱ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ሎጉ ኮምፒዩተርና ቴሌቪዥን ወደሚያሳዩት ሬክ 709 ወደሚባለው የቀለም ደረጃ ይለወጣል። ሁለተኛ፤ የብርሃኑና የጨለማው መጠን ይስተካከላል። ሦስተኛ፤ አስቀድሞ በተነሣው ነጭ ወረቀት መሠረት ነጩ ነጭ ይደረጋል። አራተኛ፤ የተለያዩት ምስሎች እርስ በርሳቸው እንዲመሳሰሉ ይደረጋል። ለጌጥ የሚጨመር ነገር ካለ በመጨረሻ በጥቂቱ ይጨመራል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ዓይነት ስላለው ለጀማሪ ይበቃል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የእሸቱን ቀይነት ከፍ ማድረግ አንድ ቁልፍ የመጫን ያህል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ያልበሰለውን ቡና የበሰለ አስመስሎ ማሳየት ከናሙና ከረጢት አፍ ላይ ምርጡን አድርጎ ከሥሩ ዝቅተኛውን እንደ መደበቅ ይቈጠራል። ገዢው ጭነቱን በተረከበ ጊዜ ቪዲዮውን አውጥቶ ያስተያያል። ስለዚህ እርማቱ የሚያበቃው ዕቃው በዓይን የታየውን መስሎ በተገኘበት ቦታ ነው። ይህንንም ለማረጋገጥ ዕቃውን ራሱን በማሳያው አጠገብ በቀን ብርሃን አስቀምጦ ማስተያየት ከሁሉ የተሻለ ፈተና ነው።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

በኢትዮጵያ ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፤ አስመጪው ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ፈቃዱን ሊጨርስ ይገባል፤ አለዚያ ገንዘቡ በጉምሩክ መጋዘን ታስሮ ይቀራል። በሚያዝበትም ጊዜ ካሜራው 10 ቢት መቅረጹንና የሌንሱ ቀዳዳ መለዋወጡን ይጠይቅ።

ማጣሪያዎች ለእያንዳንዱ የድሮን ዓይነት ተለይተው የሚሠሩ ናቸው፤ ካሜራውን የሚያረጋጋው ክንድ ክብደትን ስለማይችል የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ባለሱቁ የጥራቱን ደረጃ ለማወቅ ማጣሪያውን በቀን ብርሃን በነጭ ወረቀት ላይ ያድርገው፤ ወረቀቱ ግራጫ ሳይሆን ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ መስሎ ከታየ ማጣሪያው ቀለም ያበላሻል። የማስታወሻ ካርድም ቢያንስ ቪ 30 የሚል ምልክት ያለው ይሁን። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በደቂቃ 750 ሜጋባይት ስለሚሞላ፤ 64 ጊጋባይት ካርድ 85 ደቂቃ ገደማ ይይዛል።

በጠቅላላው ሲታይ፤ መልካም የአየር ላይ ቪዲዮ የሚገኘው በመሣሪያው ውድነት ብቻ አይደለም። ከበረራው በፊት የተመረጠ ማጣሪያ፤ የታሰረ የነጭ ሚዛንና ልኩን ያወቀ እርማት ሲተባበሩ ገዢው ያየውን ያዝዛል፤ ያዘዘውንም ይረከባል። ንግድ የሚጸናው በዚሁ ነው።