ለዓይን የሚገጠም ማነጣጠሪያ

በአሮጌ የጦር ጠመንጃ የወረቀት ዒላማ የሚተኩስ ሰው ጥይቱ ሲበታተንበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ብረቱን ነው። አፈሙዙ አርጅቷል፣ ጥይቱ ከርሟል፣ ሰደፉ ተጣሟል ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር ተበልቶ ካለቀ የትኛውም ማነጣጠሪያ አያድነውም፤ ስለዚህ ለዕቃ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ፣ ቱቦውን ወልውሎ በብርሃን ማየት የግድ ነው። በደህና የተያዘ ሊ-ኤንፊልድ፣ ማውዘር ወይም የስዊዝ ካራቢን ሲበትን ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ከብረቱ ሳይሆን ከተኳሹ ዓይን ነው። የዒላማ ማነጣጠሪያ የሚገጠመው ለጠመንጃው ሳይሆን ለዓይን ነው ብዬ የምከራከረውም ለዚህ ነው። ይህ ከተያዘ የትኛው ዓይነት እንደሚመረጥ፣ ብረቱንስ እስከ ምን ድረስ መነካካት እንደሚገባ መልሱ አብሮ ይመጣል።

የጦር ማነጣጠሪያ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነበር። የጀርመኑ ገቬር 98 የኋላ ማነጣጠሪያ ከ400 ሜትር ይጀምርና እስከ 2000 ሜትር ይዘልቃል። የታሰበው ለሰልፈኛ ጦር እንጂ በ100 ሜትር ላይ ለተሰቀለ ክብ ወረቀት አልነበረም፤ በዚህ ርቀት የተኮሰ ሰው ጥይቱ ከዒላማው በላይ ቢያልፍበት ሊገርመው አይገባም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ክፍት ማነጣጠሪያ ከዓይን የሚጠይቀው ነገር ነው። ተኳሹ በክንዱ ርቀት ያለውን የኋላውን ስንጥቅ፣ አንድ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የፊት ጉጥና ሩቅ ያለውን ዒላማ በአንድ ጊዜ አጥርቶ እንዲያይ ይጠበቅበታል። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያጠራ ዓይን የለም። ወጣት ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ቶሎ ቶሎ እየዘለለ ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ዕድሜ ከአርባ ሲያልፍ ግን የዓይን ሌንስ እየደረቀ ይሄዳልና ዝላዩ ይቀራል፣ የኋላው ስንጥቅም ደብዝዞ ጭጋግ ይመስላል።

ባለቀዳዳ ማነጣጠሪያ ይህን ችግር የሚፈታው ከሦስቱ አንዱን በማስቀረት ነው። ቀዳዳዋ ከዓይን አጠገብ ስለምትሆን ማንም አተኩሮ አያያትም፤ ዓይን ራሱ መሐሏን ፈልጎ ያገኛል። ጠባብ በመሆኗ ደግሞ ከዳር የሚገባውን ብርሃን ትከለክላለች፤ በዚህም የፊት ጉጡና ዒላማው በአንድነት ጠራ ብለው ይታያሉ። በቀን ብርሃን የዓይን ብሌን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ የዒላማ ተኳሾች የሚመርጧት ቀዳዳ ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር እምብዛም አትሰፋም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጠባብ ጥሩ ከሆነ በጣም ጠባብ በጣም ጥሩ ነው ብሎ ያስባል። ሰማዩ ሲደምን ያቺው ቀዳዳ ሁሉንም ነገር ታጨልምና ጉጡ ከጥቁሩ ዒላማ ጋር ይዋሃዳል። ለዚህ ነው መጠኗ የምትቀያየር ቀዳዳ የምትመረጠው። ከፊት በኩልም እንዲሁ ነው፤ በጉጥ ፈንታ ቀለበት የሚገጥም ሰው በጥቁሩ ክብ ዙሪያ በቂ ነጭ የሚያሳይ ቀለበት መምረጥ አለበት። ቀለበቱ ሲጠብ ልክ ነው አይደለም እያሉ መጠራጠር ይመጣና ምላጭ የሚሳብበት ጊዜ ይዘገያል።

ሁለተኛው ማስረጃ የቁጥር ነው። በ1907 የጸደቀው የብሪታንያ ማርክ 3 ሊ-ኤንፊልድ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኋላ ማነጣጠሪያው አፈሙዙ ላይ ስለተቀመጠ ከፊተኛው ጋር ያለው ርቀት 49 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብዛት የተሠራው ቁጥር 4 ግን ማነጣጠሪያውን ወደ ኋላ፣ መቀርቀሪያው ወደሚመላለስበት አካል አዛወረና በቀዳዳ ተካው፤ ርቀቱም ወደ 73 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ተኳሹ ሲያነጣጥር የ1 ሚሊ ሜትር ስሕተት ቢሠራ በመጀመሪያው ጠመንጃ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል፤ በሁለተኛው ወደ 14 ይወርዳል። የማነጣጠር ስሕተቱ አልተለወጠም፣ እጁም ያው ነው። ጦር ሠራዊቱ ራሱ፣ ዒላማ ተኳሾች ከሚያውቁት ነገር ላይ ዘግይቶ ደረሰ ማለት ነው። ቢሆንም በጦርነቱ ጊዜ ለጥድፊያ የተሠራው ባለሁለት ቀዳዳ ተገልባጭ ማነጣጠሪያ 300 እና 600 ያርድን ብቻ ያውቃል፤ በመሐሉ ያለውን ተኳሹ በግምት መሙላት ነበረበት። በርሚንግሃም የነበረው ፓርከር-ሄል የሠራው 5ሲ የተባለ ማነጣጠሪያ ይህንኑ ጉድለት ይሞላል፤ ከፍታውንም ጎኑንም በሚዞሩ እጀታዎች ያስተካክላል።

የጥንት ጀግኖች በዚያው ባልተነካ ማነጣጠሪያ አልመው ይመቱ አልነበረምን? የሚል ሙግት ይነሣል። ይመቱ ነበር፤ ለዚያውም በወጣት ዓይንና በማያቋርጥ ልምምድ። የሰው ቁመት ያለውን ዒላማ መምታትና አሥር ጥይት በአንድ መዳፍ ስፋት ላይ ማሳረፍ ግን ለየቅል ናቸው። ማነጣጠሪያው ችሎታን አይተካም፤ ያለውን ችሎታ ዓይን እንዳያባክነው ያደርጋል እንጂ። ጠመንጃውን እንደ ቅርስ ብቻ ለሚይዝ ሰው ግን ሙግቱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፣ ምንም መንካት የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይከብዳል፤ ነገሩ የዓይን ከሆነ ለምን በቀጥታ ጠመንጃው ላይ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አይገጠምም? ዓይንን ብቻ ብናስብ መነጽር ያሸንፋል። ዋጋው ግን ብረቱ ላይ ይወድቃል። ብሪታንያ ቁጥር 4ን ለአልሞ ተኳሾች ባዘጋጀች ጊዜ በደንብ የሚተኩሱትን መርጣ፣ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ በግራ ጎናቸው የመነጽር መያዣ ብረት እንዲያስርባቸውና ሰደፉ ላይ የጉንጭ ማሳረፊያ እንጨት እንዲጨምርባቸው አድርጋለች። ቀጥ ያለ የመቀርቀሪያ እጀታ ያለው ማውዘር ደግሞ እጀታው ሲነሣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን መነጽር ስለሚመታው መታጠፍ ወይም መቀየር አለበት። የፊተኛው መያዣ የሚሰረሰረውም የጥይት ክፍሉ አናት ላይ፣ ማለትም የገዢው መንግሥት ማኅተም በሚታተምበት ቦታ ላይ ነው። ይህ እኛንም ይመለከታል። በ1930ዎቹ ከቤልጂጉ ኤፍኤን ለኢትዮጵያ ተገዝተው የይሁዳ አንበሳ የታተመባቸው ማውዘሮች፣ አገራችን ቤልጅግ የምትላቸው፣ ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች እጅም ይገኛሉ። በአንበሳው ላይ ትራፓኖ የሚያስነሣ ሰው ለጥቂት ሴንቲ ሜትር የዒላማ ውጤት ሲል የማይመለስ ነገር ያጠፋል።

ስለዚህ ምርጫው በነበረው ቀዳዳና ብሎን የሚታሰር፣ ሲፈለግ የሚፈታ ማነጣጠሪያ መሆን አለበት። ለቁጥር 4 የተሠራው 5ሲ እንዲህ ነው። ለስዊዙ ካ31 ካራቢንም ብረቱን ሳይሰረስሩ የሚያጣብቁት አለ። እንዲህ የታሰረ ይላላል የሚል ባለሙያ ይኖራል፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። የማዕዘን ሩብ ደቂቃ የምትለካ አንዲት የእጀታ "ቀጭ" በ73 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቀዳዳዋን የምታንቀሳቅሳት በ0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በወረቀት ውፍረት፣ በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ የላላ መያዣ በ300 ሜትር ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያሳስታል። መፍትሔው ግን ተጨማሪ ቀዳዳ አይደለም። ቅባቱን ከመገናኛው ጠርጎ፣ በልኩ በሆነ ካቻቪቴ አጥብቆ፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ጥይቶች በኋላ እንደገና ማጥበቅ ነው። ያገለገለ ማነጣጠሪያ የሚገዛ ሰው ደግሞ እጀታውን ሃያ ቀጭ ወደ ላይ፣ ሃያ ወደ ታች ያዙረውና ቀዳዳዋ ወደ ነበረችበት መመለሷን ይይ። ካልተመለሰች ጥርሱ ተበልቷል፤ ዋጋው ቢረክስም ይተወው።

ሲገጠም ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛው ከፍታ ነው። አዲሱ ቀዳዳ ከነባሩ በ2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 27 ሴንቲ ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ ያኔ የፊት ጉጡ በረዘመ ይተካል እንጂ ነባሩ አይሞረድም። ሁለተኛው ክፍተት ነው። መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሲሳብ፣ በማውዘር ላይ ደግሞ የመቆለፊያው ክንፍ ሲገለበጥ ማነጣጠሪያውን እንዳይነካ በባዶ ጠመንጃ መሞከር አለበት። ቀዳዳዋም ለዓይን ትቅረብ ሲባል ቅንድብ ላይ እንዳትደርስ፤ የሊ-ኤንፊልዱ .303 ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል።

ቀድሞ ተሰርስሮ ለተገኘ ጠመንጃ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ የስዊድን ማውዘሮች በአገራቸው የዒላማ ማኅበራት ውስጥ ሲያገለግሉ በግራ ጎናቸው ቀዳዳ ተበጅቶላቸዋል። እነዚህን ቀዳዳዎች በብየዳ ለመድፈን መሞከር ይብሳል፤ የብየዳው ሙቀት በፋብሪካ በልዩ አሠራር የጠነከረውን ብረት ያለሰልሰዋል፣ የጥይቱን ግፊት የሚሸከመውም ያ ብረት ነው። እዚያው ቀዳዳ ላይ የሚገጥመውን የስዊድን ማነጣጠሪያ ፈልጎ ማሰር፣ እስኪገኝም ቀዳዳዎቹን በአጭር ብሎን መሸፈን ይበቃል።