የምጣዱ ሶኬት

ስሜን አትጠይቁኝ። ሥራዬ ሽቦ መዘርጋት ነው፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ እንጀራዬን የምበላው በአብዛኛው ከኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ካሳወቁ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ስልኬ አርፎ አያውቅም። ሰሞኑን የደወለልኝ ግን ደንበኛ አይደለም፤ ሰቆጣ ያለው አጎቴ ነው።

«ልጄ፣ መኪናዋን እቤት ትሰካታለህ፣ በቃ፤ ነዳጅ የሚባል ነገር የለም እያሉኝ ነው። እውነት ነው?»

«እውነት ነው አጎቴ፤ ግን ብሩን ገና አትክፈል» አልኩት። ከዚያ በኋላ ያወራነውን ለእናንተም ሹክ ልበላችሁ። ሻጭ ባለበት ይህን አልናገርም፤ ሥራ የሚያመጡልኝ እነሱ ናቸው።

ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው የእጅ ቻርጀር ከ220 ቮልት ሶኬት 10 አምፔር ሲስብ 2.2 ኪሎ ዋት ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ በላይ ይበላል፤ እስከ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ይሄዳል። ሻጮቹ ይህችን ያውቋታል። «ምጣድ የቻለ ቤት መኪና ይችላል» ይሏችኋል። ምጣድ ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ሁለት ሰዓት ነው። መኪናዋ ከማታ እስከ ንጋት ሳታርፍ ትስባለች። ትንሿ ቢዋይዲ ሲጋል እንኳ ባለ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪዋ ባዶ ከሆነ ለመሙላት ከ14 እስከ 15 ሰዓት ትፈልጋለች። ባትሪያቸው ወደ 80 የሚጠጋው ትልልቆቹ ቮልስዋገኖች ከአንድ ቀን ተኩል ያልፋሉ። ርካሹ ሶኬት ሁለት ሰዓት ስለቻለ 14 ሰዓት አይችልም፤ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ እኔ እጠራለሁ። መድኃኒቱ ከቆጣሪው በቀጥታ ወፈር ያለ፣ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሚሊ ሽቦ ስቦ የራሱን ብሬከር መስጠት ነው። ማራዘሚያ አምጥቶ ልቀጥልላችሁ የሚላችሁን ሠራተኛ አባሩት።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ቻርጀሩ ብልህ ዕቃ ነው፤ ቤቱ ግራውንድ የምንለው የመሬት መስመር ከሌለው ቀይ አብርቶ አልሠራም ይላል። አብዛኛው ቤታችን ደግሞ ግራውንድ የለውም። ታዲያ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ ምን ያደርጋሉ? ሶኬቱን ይከፍቱና የግራውንዱን ጫፍ ከኒውትራሉ ጋር በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ያገናኙታል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቻርጀሩ ይታለላል፣ አረንጓዴ ያበራል፣ ባለቤቱ አመስግኖ ይከፍላል። ኒውትራሉ ፖል ላይ በንፋስ የተበጠሰ ቀን ግን የመኪናዋ ቆርቆሮ ራሱ 220 ቮልት ይሸከማል። በሩን ልከፍት ብሎ እጁን የሰደደ ልጅ ምን እንደሚያገኘው መናገር አያሻኝም።

በትክክሉ ሲሠራ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበራል። አዲስ አበባ ጥቁር አፈር ላይ ይህ ቀላል ነው። ሰቆጣ ባለችበት ዋግ ላይ ግን ዘንጉን ትመቱታላችሁ፣ ድንጋዩ መልሶ ይመታችኋል። ደረቅና ድንጋያማ መሬት ደግሞ ኤሌክትሪክ አይቀበልም። ለአጎቴ የነገርኩት ዘዴ የቆየ ነው፦ የማዕድ ቤቱ እጣቢ የሚፈስበትን እርጥብ ቦታ ምረጥ፣ ጉድጓዱን ጥልቅ አድርግ፣ ከሰልና ጨው ሞልተህ ዘንጉን አቁም፣ በበጋ ውኃ አጠጣው። «እንደ ጌሾ?» አለኝ። አዎ፣ እንደ ጌሾ።

እዚህ ላይ ሰቆጣ አዲስ አበባን የምትበልጥበት ነገር አለ። የከተማው ደንበኛዬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ መኪናው ታች ናት። ሽቦ በበረንዳ ላውርድ ሲል ጎረቤት ይነሳበታል፣ ከጋራ ቆጣሪው ልቀጥል ሲል ኮሚቴው ይነሳበታል። በመጨረሻ የሚሄደው ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጋ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አዲስ አበባ ውስጥ ከከፈተው ጀምሮ በቴሌብር እየከፈለ ይሞላል። አጎቴ ግን አጥር ያለው ግቢ፣ የራሱ ቆጣሪ፣ መኪና የሚያድርበት ጥላ አለው። የጎደለው መብራቱ ነው።

ሰቆጣ በሰሜኑ ጦርነት ለወራት ጨለማ ውስጥ መክረሟን የአገሬ ሰው አይረሳም። ዛሬም ቢሆን ቁም ነገሩ በተከታታይ ስንት ሰዓት መብራት አለ የሚለው ነው። በመስመር ጫፍ ያለ ሰፈር ውስጥ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ቻርጀሩም ተኮራምቶ ይቆማል። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሰካ፣ አምፔሩን ወደ 8 ወይም 6 ዝቅ አድርግ፣ መብራት ከሄደ ንቀል፤ ሲመለስ በጉልበት ነው የሚመጣው። በጄኔሬተር እሞላለሁ የሚል ሰውም ገጥሞኛል። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ መኪና ለመሙላት!

በጣም የሚያንገበግበኝ ተከዜ ነው። ኅዳር 2002 የተመረቀው ግድብ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ የሐይቁ ውኃ የዋግን ቆላ ይነካል። ዓሣው በቀጥታ ይደርሰናል፤ ኃይሉ ግን ወደ ብሔራዊው መረብ ገብቶ፣ አገር ዞሮ ነው ተርፎ ሲገኝ የሚመጣልን። ከዚያ ቆላ ወደ ሰቆጣ ሲወጣ ደግሞ 1000 ሜትር ያህል ዳገት አለ። 1.2 ቶን የምትመዝን ትንሽ መኪና ዳገቱን ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች፤ ቁልቁለቱ ላይ ከፊሉን ብትመልስም ሁሉንም አትመልስም። አዲስ አበባ ላይ የተነገራችሁን የኪሎ ሜትር ቁጥር ለዋግ መንገድ አትመኑት።

በሒሳቡ አልከራከርም። በወር 1000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ወደ 150 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ብዙ የተጠቀመም ወደ ላይኛው እርከን ይገፋል። ቢሆንም ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈው ቤንዚን ጋር አይነጻጸርም።

አጎቴን በመጨረሻ የመከርኩት መኪናውን ትቶ ባለ ሦስት እግሩን የኤሌክትሪክ ባጃጅ እንዲያይ ነው። ባትሪው የትንሿን መኪና ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ የተቆራረጠች ሌሊትም ትበቃዋለች፤ ከሰቆጣ ከተማ ሳይወጣ ይውላል። ወደ ቆረም ወይም ወደ ላሊበላ ለመመላለስ የሚፈልግ ግን ዛሬ አይግዛ።

እናንተ ገዝታችሁ ከሆነ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዛሬ ማታ ከመሰካታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉና ሶኬቱን በታመነ ባለሙያ አስከፍቱ። አረንጓዴና ቢጫ የተቀባው ሽቦ ወደ መሬት ይሄዳል ወይስ ሶኬቱ ውስጥ በቁራጭ ሽቦ ተጠምዝዟል? በዓይናችሁ እዩት።