በጾም የሚገዛ ቅቤ

የፋሲካ ቅቤ በፋሲካ ሳምንት አይገዛም። ያኔ ዋጋው ይሰቀላል፤ ሻጩም ለማስመረጥ ትዕግስት የለውም። ስለዚህ እኔ ከገርጂ ተነስቼ ሾላ ገበያ የምወርደው በሁዳዴ እኩሌታ ነው። ችግሩ ጾም ነውና መቅመስ አይቻልም። ዳኞቹ አፍንጫና ጣት ብቻ ናቸው።

«እህቴ፣ እስኪ አሽትቺው» ይላል ሻጩ፣ በማንኪያ ጫፍ ቆንጥሮ መዳፌ ላይ እያኖረ። ለጋው ገና የወተት ጠረኑ አለቀቀውም፤ ለፀጉርና ለአራስ ገንፎ የሚፈለገው እሱ ነው። በሳሉ ከርሞ ሽታው ስለጠነከረ ወጥ ውስጥ ጥቂቱ ይበቃል። ለዶሮ እኔ መካከለኛውን እመርጣለሁ። ቦሌ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ያለው የፈረንጅ ቅቤ ለዳቦ ግሩም ነው፤ ዶሮ ወጥ ግን አያወጣም። እሱ በአብዛኛው ከክሬም ይሠራል፤ የእኛ ወተቱ ረግቶ፣ እርጎው ተንጦ የሚወጣ ነው፤ ጠረኑንም የሚያገኘው ከዚያው ነው።

ስመ ጥሩው የሸኖ ቅቤ ነው። ከተማዋ በደብረ ብርሃን መንገድ ከሰንዳፋና ከአለልቱ ቀጥላ ስለምትገኝ ቅቤዋ በእኛ በምሥራቁ በር ይገባል። ስሟን ይዞ በጣሳ የሚሸጠው ግን ከአትክልት ዘይት የተሠራ ነው፤ ጣሳውን አንብቡ።

የሚያናድደኝ ስውሩ ቅይጥ ነው። ሙዝ ወይም የረጋ የፓልም ዘይት ከቅቤ ጋር አሽተው የሚሸጡ አሉ፤ እንስራ ስትንጥ ላቧን ያፈሰሰችውን ገበሬ ጭምር ነው የሚሰርቁት። ንጹህ ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ ጣት ላይ ቶሎ ይሟሟል፤ እንደ ሰም የሚጣበቅ ከሆነ እለፉት። ይህም ቢሆን የተዋጣለትን አጭበርባሪ አይይዝም፤ ለዚያ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከምታውቁት ደንበኛ ግዙ፤ ያለበለዚያ መጀመሪያ ትንሽ ወስዳችሁ አንጥሩ።

ሲነጠር እሳቱ ለስለስ ይበል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽና እርድ ይገቡበታል። መጀመሪያ አረፋ ይሞላና ይንጣጣል፤ ያ ድምፅ ውሃው ሲወጣ ነው። ጸጥ ሲል፣ አረፋው ሲሳሳና ታቹ ጠርቶ ሲታይ አውርዱት። ከዚያ በላይ ከቆየ ዝቃጩ ያርራል፤ ቅቤው ይመራል። ረጋ ሲል አጥልሉና እርጥበት በሌለው ዕቃ ክደኑት፤ ውሃውና ዝቃጩ ስለወጣለት ያለ ማቀዝቀዣም ወራት ይቆያል፣ እርጥብ ማንኪያ እስካልገባበት ድረስ።