በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፦ በትምህርት ቤት ሥራ ላይ ለሚጎዱ ወገኖች



በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ብዙዎቻችን ይህን አባባል ይዘን ነው ባሕር የተሻገርነው። በሥራ ቦታ ስንወድቅ፣ ስንቃጠል ወይም ዕቃ ስናነሳ ወገባችንን ሲይዘን «ምንም አልሆንኩም» ብለን ሥራችንን እንቀጥላለን። እኔ ጠበቃም ሐኪምም አይደለሁም፤ ሙያዬ ምሕንድስና ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንዲት እህታችን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ እንዳነብላት ይዛልኝ መምጣቷ ነው።

እህታችን በሜሪላንድ ግዛት በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። የዩኒየን አባል ናት፤ መዋጮዋም ከደመወዟ ይቆረጣል። አንድ ቀን ጠዋት እርጥብ ወለል አንሸራቷት በጀርባዋ ወደቀች። አለቃዋ እንዳትቀየማት፣ የልጆቹም ምሳ እንዳይዘገይ ብላ ተነስታ ሥራዋን ጨረሰች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከአልጋ መነሳት አቃታት። የሕመም ፈቃዷን ጨረሰች፤ ለሐኪምም ከኪሷ ከፈለች። በመጨረሻ ስትናገር የተመለሰላት ጥያቄ «በየትኛው ቀን? ማን አየሽ? ለምን ያን ጊዜ አልተናገርሽም?» የሚል ነበር። እርሷ አልዋሸችም። ነገር ግን ያልተጻፈ ጉዳት እንዳልደረሰ ለመቆጠር ጥቂት ነው የሚቀረው።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በተለምዶ «ወርከርስ ኮምፕ» የምንለው የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ምጽዋት አይደለም። መሠረቱ አንድ ስምምነት ነው፦ ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ በምትኩ በአብዛኛው አሠሪውን ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም። ስለዚህ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እያየሁ መራመድ ነበረብኝ» ብሎ መብትን መተው አላዋቂነት ነው። ካሳው የሕክምና ወጪን ይሸፍናል። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ ደግሞ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ ሕጉ ካስቀመጠው ጣሪያ ሳያልፍ፣ ከአማካይ ሳምንታዊ ደመወዙ ሁለት ሦስተኛውን ያገኛል።

ችግሩ ቀን አይጠብቅም። በሜሪላንድ በአደጋ የተጎዳ ሠራተኛ በ10 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ማስታወቅ፣ በ60 ቀን ውስጥ ደግሞ ለግዛቱ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን ማመልከት አለበት። ኮሚሽኑ በቂ ምክንያት ካገኘ መዘግየቱን ሊያልፈው ይችላል፤ ሁለት ዓመት ካለፈ ግን በሩ ይዘጋል። በቨርጂኒያ ለአሠሪ ማስታወቂያው 30 ቀን፣ ለኮሚሽን ማመልከቻው ሁለት ዓመት ነው። በዋሽንግተን ግዛት ማመልከቻው በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። የሐኪም ምርጫም ይለያያል፦ በሜሪላንድ ሠራተኛው ሐኪሙን ራሱ ይመርጣል፤ በቨርጂኒያ ግን አሠሪው ቢያንስ ሦስት ሐኪሞች ያሉበትን ዝርዝር ያቀርብና ሠራተኛው ከዚያ ውስጥ ይመርጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ለአለቃ መናገር ወይም ትምህርት ቤቱ የአደጋ ቅጽ መሙላቱ ለኮሚሽኑ ከማመልከት አይቆጠርም። ለዩኒየን ተወካይ መንገርም እንዲሁ። በሮቹ ሦስት ናቸው። ሕክምናና ደመወዝ የሚጠየቀው ከካሳ ኮሚሽኑ ነው። አደገኛውን ቦታ መጥቶ የሚመረምረው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው። ዩኒየኑ ደግሞ የኅብረት ስምምነቱ እንዲከበር፣ ሠራተኛው ወደ ሥራ ሲመለስ ቀለል ያለ ሥራ እንዲሰጠው፣ በበቀል እንዳይቀጣም ይሟገታል። አንዱን በር ማንኳኳት ሌላውን አይከፍትም።

ስለ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያቋቋመው ኦሻ የግዛትና የአካባቢ መንግሥት ሠራተኞችን በቀጥታ አይሸፍንም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በራሳቸው መሥሪያ ቤት አማካይነት የሕዝብ ትምህርት ቤት ሠራተኛን ይሸፍናሉ። ቴክሳስና ጆርጂያ ግን እንዲህ ያለ በኦሻ የጸደቀ የግዛት ፕላን የላቸውም። በእነዚህ ቦታዎች የሚሠሩ ወገኖች ከሌላው ይልቅ ማኅበራቸውን አጥብቀው መያዝ ይገባቸዋል። በሜሪላንድ ስለ ደኅንነት በመናገሩ የተቀጣ ሠራተኛ አቤቱታውን በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት።

የማወቅ መብትም አለ። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። አሠሪው የሚያሠራበትን ኬሚካል የደኅንነት መግለጫ የማሳየት፣ ሥልጠናውንም ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ የመስጠት ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ደግሞ አስቤስቶስ ባለበት ትምህርት ቤት የሚቀጠር የጽዳት ወይም የጥገና ሠራተኛ በ60 ቀን ውስጥ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ሥልጠና ማግኘት አለበት።

እኛ መሐንዲሶች አደጋ ስናጠና መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ወደቀ?» ብለን ሳይሆን «ወለሉ ለምን ረጠበ?» ብለን ነው። ምንጩን ማድረቅ ይቀድማል፤ «ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍና ጫማ መቀየር የሚመጡት በኋላ ነው። ነገር ግን ማንም ካልተናገረ ጥያቄው ራሱ አይነሳም። የእህታችን ጉዳይ ሲነሳ ሌሎች ሁለት ሠራተኞችም እዚያው ቦታ ላይ አንሸራቷቸው እንደነበር ተናገሩ። ከዕቃ ማጠቢያው ማሽን ሥር ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ሦስቱም ዝም በማለታቸው ወለሉ እንደረጠበ ከረመ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ጉዳት ሲደርስ በዚያው ቀን ለአለቃችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውንም ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያየውን ሰው ስም መዝግቡ። ከተቻለ ቦታውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱን በግልጽ ተናገሩ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ለዩኒየን ተወካያችሁ በዚያው ሳምንት ንገሩ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

እህታችን የ60 ቀኑ ገደብ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ማመልከቻዋን አስገብታለች። የሥራ ባልደረቦቿ መስክረውላታል፤ የዩኒየኑ ተወካይም አብሯት ቆሟል። ውሳኔው ገና አልመጣም። ማሽኑ ግን ተጠግኗል፤ ወለሉም ደርቋል። ዝም አይነቅዝም የሚለው አባባል ለሌላ ጉዳይ ይሁን። እዚህ የሚሠራው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ነው።

ቸር ይግጠመን።