ማርሚታ መቀየር ለቱርቦ መኪና ጉልበት ይጨምራል?

በአዲስ አበባ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦ ዙሪያም ጭምር፣ የከባድ መኪና ድምፅ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። ከጅቡቲ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ፣ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልስ ሲኖትራክ፣ ከቢራ ፋብሪካ ሳጥን የጫነ አይሱዙ በዚሁ ይተላለፋሉ። መኪና ባለበት ጋራዥ አለ፤ ጋራዥ ባለበት ደግሞ ክርክር አይጠፋም። አንዱ «ማርሚታውን አስነሥተህ ሰፋ ያለ ቱቦ አስበይድ፣ ዳገት ላይ ልዩነቱን ታየዋለህ» ይላል። ሌላው «ሞተር የሚገፋው ነገር ከሌለው ጉልበቱ ይበተናል፣ ማርሚታውን እንዳትነካ» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ልምድ አለን ይላሉ። ባለንብረቱ ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሞተሩን አሠራር ቢረዳ ይጠቀማል።

ጭሱ ሥራ የሚሠራበት ቦታ

ሞተር ከናፍጣው ከሚያገኘው ኃይል ሲሦ ያህሉ በጭስ ማውጫው በኩል በሙቀት መልክ ይወጣል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ይህ ኃይል እንዲሁ መባከኑን አልወደደም። እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ዛሬ ቱርቦ የምንለው ነገር መነሻ ነው። የሚወጣው ጭስ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ኮምፕረሰር ይዞ ይዞራል፤ ኮምፕረሰሩ ደግሞ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይሰዳል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ናፍጣ በንጽሕና ይቃጠላል፤ ጉልበት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ተርባይኑን እንደ ውኃ ወፍጮ ማሰብ ይቻላል። ወፍጮውን የሚያዞረው ውኃው ከላይኛው ቦይ እስከ ታችኛው መውጫ የሚወርድበት የከፍታ ልዩነት ነው። ታች ያለው መውጫ ቢደፈንና ውኃው ወደ ኋላ ቢቆም ወፍጮው ይደክማል። በቱርቦም ከተርባይኑ በፊት ያለው ግፊት ላይኛው ቦይ ሲሆን፣ ከተርባይኑ በኋላ ያለው ደግሞ ታችኛው መውጫ ነው። ማርሚታው፣ ማለትም የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ሳጥን፣ የሚገኘው እታች ነው። ጭሱን ባገደ ቁጥር የኋላ ግፊት ይፈጠራል፣ ተርባይኑም ጉልበት ያጣል።

ስለዚህ «ሞተር የኋላ ግፊት ይፈልጋል» የሚለው አባባል ለቱርቦ መኪና አይሠራም። ቱርቦ በሌላቸው ሞተሮች የቱቦው ርዝመትና ስፋት ከጭሱ ሞገድ ጋር ተጣጥሞ ሲሊንደሩን ለማጽዳት ይረዳል፤ አባባሉ የመጣውም ይህን በተሳሳተ መንገድ ከመረዳት ይመስላል። በቱርቦ መኪና ግን ተርባይኑ መሐል ላይ ቆሞ ሞገዱን ስለሚሰብረው ከእርሱ በኋላ ያለው ቱቦ ቢቀል ይሻላል እንጂ ቢያግድ ጥቅም የለውም። እስከዚህ ድረስ «አስነሣው» የሚለው ወገን ትክክል ነው። ጥያቄው ትርፉ ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

በወረቀት ላይ ስንት ፈረስ?

ሒሳቡን በሲኖትራክ ሀዎ እንሥራው። በመንገዶቻችን ላይ የተለመደው ባለ 371 የፈረስ ጉልበት ሀዎ ሞተሩ 9.7 ሊትር ገደማ ነው። ባለ አራት ምት ስለሆነ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ሲሊንደሮቹን ሁሉ ያጸዳል። በደቂቃ 2,200 ዙር ሲሽከረከር ፒስተኖቹ በሴኮንድ 178 ሊትር ያህል ይጠርጋሉ ማለት ነው።

አምራቾች ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ብዙ ጊዜ የሚፈቅዱት ከፍተኛ የኋላ ግፊት 10 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ይህም አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ከሥሩ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ነው። አዲሱ ቱቦ ይህን ሁሉ አጠፋልን እንበል፤ ቱቦ እስካለ ድረስ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ባይችልም ለክርክሩ እንፍቀድለት። በተርባይኑ ፊትና ኋላ ያለው ግፊት በእጥፍ ያህል ስለሚለያይ፣ ከኋላ የተነሣው 10 ከፊት ሲደርስ 20 ይሆናል። 20 ኪሎ ፓስካልን በሴኮንድ በሚጠረገው 178 ሊትር ስናባዛ ፒስተኖቹ ከጭሱ ጋር ሲታገሉ ያጡት የነበረ 3.6 ኪሎ ዋት ይመለስልናል። ይህ አምስት የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም። ከ371 ውስጥ አንድ ከመቶ ገደማ ነው፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ሹፌር በመሪው ላይ ሆኖ ሊለየው አይችልም።

ቱርቦው ትንሽ ተጨማሪ አየር ያመጣል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን በናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚወስነው ፖምፓው የሚረጨው ናፍጣ ነው። የድሮው ዓይነት መካኒካል ፖምፓ ለቱርቦው ግፊት ምላሽ ሰጥቶ ናፍጣ ቢጨምርም፣ የመጨረሻው መጠን በፋብሪካው ተለክቶ ተዘግቷል። ስለዚህ የትርፍ አየሩ ጥቅም ይበልጡን ከዝቅተኛ ዙር ስንነሣ ቱርቦው ፈጠን ብሎ መንቃቱ ነው፤ የሞተሩ ጣሪያ ግን አይነካም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ?

በአሜሪካ የናፍጣ ፒክአፖች ላይ ትልልቅ የጭስ ማውጫ ቱቦዎች ይሸጣሉ፤ ጉልበት ጨመሩ የሚባሉት መኪኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሞተራቸው ኮምፒውተርም ብዙ ናፍጣ እንዲረጭ አብሮ ተቀይሯል። ጉልበቱ የመጣው ከናፍጣው ሲሆን ምስጋናው ለቱቦው ተሰጠ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ ፒክአፖች የጭስ ማጣሪያቸው ተነሥቷል ብሏል። እዚያ ቱቦ የሚቀየረው ጭስ የሚያግድ ማጣሪያ ለማስወገድ ጭምር ነው። በዩሮ 2 የጭስ ደረጃ የተሠራው ሀዎ ግን እንዲህ ዓይነት ማጣሪያ ስለሌለው የሚነሣለት እገዳ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ድምፁ ነው። ማርሚታ የተነሣለት መኪና ያገሳል፣ ጆሮም ግሣቱን እንደ ጉልበት ይቆጥረዋል። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ መንገድ ዳር በኮንዶሚኒየም የሚኖረው፣ ሌሊት መተኛት የሚፈልገው ሕዝብ ነው።

የከፍታው ጉዳይ

ለእኛ ከሁሉ በላይ ክብደት ያለው ነገር ከፍታው ነው። ቂሊንጦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ወደብ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ ይህን ጉድለት በከፊል የሚሞላው ራሱን በበለጠ ፍጥነት በማሽከርከር ነው፤ የውጪው ግፊት ሲወርድ የወፍጮው ታችኛው መውጫም አብሮ ይወርዳልና። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊደርስ የሚችለው ዘንግ እዚህ አገር ቀድሞውንም ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ይደክማል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ቱቦ ማስፋት ብቻውን የሚያመጣው ጉዳት ብዙ ላይሆን ይችላል። አደጋው የሚመጣው «ቱቦው ከተቀየረ አይቀር ፖምፓውንም ክፈትልኝ» ሲባል ነው። በቀጭን አየር ላይ ናፍጣ ሲጨመር ሳይቃጠል የቀረው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ከተርባይኑ በፊት ያለው ሙቀትም ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ፒስተንን፣ ቫልቭንና ቱርቦውን ራሱን ይጎዳል።

ሌላም አለ። በብዙ ከባድ መኪኖች የሞተር ፍሬኑ የሚሠራው ጭስ ማውጫው ውስጥ ባለ መዝጊያ ነው። ቱቦ ሲቀየር ይህ መዝጊያ ተነሥቶ ከቀረ፣ ዓባይ በረሃን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ሹፌር በዋናነት የሚቀርለት የጎማ ፍሬን ይሆናል። ለአምስት ፈረስ ተብሎ ነፍስን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ጉልበት የጠፋበትን መፈለግ

መኪናው ዳገት ላይ ደከመ ማለት ብዙ ጊዜ የነበረው ጉልበት ጠፋ ማለት ነው፤ አዲስ ጉልበት ከመግዛት በፊት የጠፋውን መፈለግ ያዋጣል። በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ይታይ፤ የግንባታ አካባቢ አቧራ ቶሎ ይደፍነዋል። ቀጥሎ ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ (የአየር ማቀዝቀዣው)፣ ከዚያም እስከ ሞተሩ ያሉት የጎማ ቱቦዎችና ማሰሪያዎቻቸው ይፈተሹ። ኢንተርኩለሩም በአቧራና በዘይት ታፍኖ እንደሆነ ይታጠብ። ከዚያ ከሞተሩ እስከ ቱርቦው ያለው ማኒፎልድና ጋስኬቱ ይታዩ፤ በዙሪያቸው ጥቀርሻ ካለ ተርባይኑን ሊያዞር የሚገባው ጭስ በስንጥቅ እያመለጠ ነው። ይህን የፊተኛውን ክፍል ማስፋት ደግሞ የላይኛውን ቦይ እንደ መሸንቆር ስለሆነ ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

ማርሚታው ራሱ የሚለካ ነገር ነው። ከቱርቦው በኋላ ባለው ቱቦ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ፣ ሙቀት በሚችል የመዳብ ቱቦ የግፊት መለኪያ ማገናኘትና ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ማንበብ በቂ ነው። ልኬቱ አምራቹ ካስቀመጠው ገደብ በታች ከሆነ ማርሚታው ንጹሕ ነው፣ ገንዘቡም በኪስ ይቆይ። ካለፈ ግን ታጥፏል፣ ዝጓል ወይም ውስጡ ፈርሷል፤ ያኔ በደረጃው መቀየር ተገቢ ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ከነዚህ ጋራዦች ብዙም አይርቅም። የጋራዥ ባለሙያና የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ አንድ ሲኖትራክ ይዘው ማርሚታ ያለውንና የሌለውን በአንድ ዳገት፣ በአንድ ጭነት ቢለኩት ክርክሩ በቁጥር ያልቃል፤ ባለንብረቱም በወሬ ሳይሆን በልኬት ገንዘቡን ያወጣል።