ሰው ሠራሽ እግር አረማመድን የሚያቀለው መቼ ነው?

እግሩን ያጣ ወገናችን ባሕር ዳር ካለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ሄዶ እግር እንዲሠራለት አጥቢያዎች ገንዘብ ሲያዋጡ፣ ብዙዎቻችን ነገሩ በአንድ ጉዞ የሚያልቅ ይመስለናል። ከዘንገና ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን አንዱም ጉዞ ቢሆን ቀላል አይደለም። ነገር ግን የእግሩን አሠራር ብናውቅ የመልሱ ጉዞ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባናል።

ሰው የሚያየው መርገጫውን ነው። ዋናው ግን ጉቶው የሚገባበት ቀፎ ነው። ባለሙያው ጉቶውን በጄሶ ፋሻ ጠቅልሎ ቅርጹን ይወስዳል። በዚያው ቅርጽ ጄሶ ሞልቶ ካደረቀ በኋላ፣ ሥጋው ክብደት በሚችልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከጉልበት ሎሚ በታች ባለው ጅማት ላይ፣ ጄሶውን ይፍቃል፤ አጥንቱ ሾጠጥ ባለበት ደግሞ ይጨምራል። ከዚያ ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ፕላስቲክ በምድጃ አለስልሶ ያለብሰዋል። ይህን ርካሽና ጠንካራ ፕላስቲክ በብዙ አገሮች ያስፋፋው የአካል ተሐድሶ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማቃናት ነው። የመርገጫው ተረከዝ ሲረገጥ እየተጨመቀ ግጭቱን ያበርዳል። ከልክ በላይ ከጠነከረ ጉልበቱን ወደ ፊት ይገፈትረዋል። መርገጫው ከቀፎው ወደ ፊት ከራቀ ደግሞ ጉልበቱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሰውየው በሜዳ እየሄደ ዳገት የሚወጣ ያህል ይደክማል። የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ይህን ያህል ያደርጋል።

በማዕከሉ የሚለማመደው በደልዳላ ወለል ላይ ነው። ዘንገና ሐይቅ ግን በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ነው፤ ዙሪያው ቁልቁለት፣ ክረምቱም ጭቃ ነው። ቁርጭምጭሚቱ የማይታጠፍ እግር ቁልቁለት ላይ ጉልበትን ያስከዳል። ስለዚህ ታካሚው ስለሚሄድበት መንገድና ስለ ሥራው ለባለሙያው ይንገር፤ ፈረስ የሚጋልብ ከሆነም (አገሩ አዊ ነውና) አይደብቅ። የሚጫማውን ጫማ ይዞ ይሂድ፤ የተረከዙ ከፍታ ሲለወጥ የተቃናው ሁሉ ይዛባል።

ጉቶው በወራት ውስጥ ይሟሽሻል። መጀመሪያ ካልሲ በመደረብ ይሞላል፤ ካልሲው ሦስትና አራት ሲደርስ ግን ቀፎው ሰፍቷልና አዲስ ልኬት ያስፈልጋል። ቆዳው ከቀላ ወይም ከቆሰለ እግሩን አውልቆ ማረፍ ይገባል። የፕሮጀክት ሠራተኞች በጀት ስትይዙ የመልሱን ጉዞ ከመጀመሪያው ጋር አብራችሁ ያዙ።