የአነስተኛ ጋዜጣ መዘጋትና የአካባቢ ዴሞክራሲ፦ ከሲንሲናቲ ፖስት የሚገኝ ትምህርት

ጋዜጣ ለዴሞክራሲ አስፈላጊ ነው የሚለው ሐሳብ ብዙ ተቃዋሚ የለውም፤ በመረጃ ማረጋገጡ ግን አዳጋች ነው። ጋዜጦች የሚበዙባቸው ከተሞች ብዙውን ጊዜ ገቢያቸው የተሻለና የተማረ ነዋሪያቸው የበዛ በመሆኑ የመራጩ ተሳትፎ የጋዜጣው ፍሬ ይሁን የሌላ ነገር መለየት ይቸግራል። ከዚህም በላይ ሕዝቡ ለአካባቢው ጉዳይ ያለው ፍላጎት ሲቀዘቅዝ አንባቢ ይሳሳል፤ ጋዜጣውም ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ከሆነ መዘጋቱ የተሳትፎ መዳከም ውጤት እንጂ መንሥኤ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ቋጠሮውን ለመፍታት የረዳ አንድ የአሜሪካ አጋጣሚ ያቀርባል፤ የአካባቢ ጋዜጣ ዴሞክራሲያዊ ፋይዳ በአንባቢው ብዛት ብቻ እንደማይለካም ያስረዳል። የዘመን አቆጣጠሩ፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ የአውሮፓውያን ነው።

በአሜሪካ የአካባቢ ጋዜጦች የሚተዳደሩት በዋነኛነት አንባቢው በሚከፍለው ዋጋ ሳይሆን በማስታወቂያ ገቢ ነበር። የሥራ፣ የቤትና የመኪና ጥቃቅን ማስታወቂያዎች በኢንተርኔት በነፃ ወይም በርካሽ መውጣት ሲጀምሩ፣ ቀጥሎም የፍለጋና የማኅበራዊ ትስስር ኩባንያዎች የንግድ ማስታወቂያውን ሲወስዱ የገቢው መሠረት ተናደ። በ2005 ወደ 49 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ የነበረው የጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ በ2020 ከ10 ቢሊዮን በታች ወረደ። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተከታታይ ጥናት በ2024 እንዳመለከተው ከ2005 ወዲህ ከአገሪቱ ጋዜጦች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ጠፍተዋል። ከጠፉት የሚበዙት የአነስተኛ ከተሞች ሳምንታዊ ጋዜጦች ናቸው።

የሲንሲናቲ ፖስት ታሪክ ከእነዚህ በአንድ ነገር ይለያል። ዕለታዊው ጋዜጣ የመጨረሻ እትሙን ያወጣው ታኅሣሥ 31 ቀን 2007 ነው። በወቅቱ ይሠራጭ የነበረው 27 ሺህ ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ ዋነኛ ተፎካካሪው ኢንኳየረር ግን ስርጭቱ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሆኖም ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ በኬንተኪ ግዛት በሚገኙት የሲንሲናቲ ዳርቻ ከተሞች ፖስት ብርቱ መሠረት ነበረው። የእነዚህን ከተሞች ምክር ቤቶች በቅርብ ይከታተል የነበረው እሱ ነው።

ሳም ሹልሆፈር-ዎልና ሚጌል ጋሪዶ የተባሉ ተመራማሪዎች ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ የሆነውን አነጻጽረዋል። በፖስት ላይ ይበልጥ ጥገኛ በነበሩት የኬንተኪ ከተሞች በቀጣዩ ዓመት ለከተማ ሥልጣን የሚወዳደሩ ዕጩዎች ቁጥር ቀነሰ፤ በሥልጣን ላይ ያሉ ተመራጮች ዳግም የማሸነፍ ዕድላቸው ጨመረ፤ የመራጮች ተሳትፎና የምርጫ ዘመቻ ወጪም ወረደ። ይህ የሆነው ኢንኳየረር በእነዚሁ ከተሞች ላይ የሚያቀርበውን ዘገባ ቢያንስ ለጊዜው ጨምሮ እያለ ነው።

ግኝቱን ተአማኒ ያደረገው የመዝጊያው ቀን አወሳሰን ነው። ሁለቱ ጋዜጦች በ1977 በገቡት የጋራ ሥራ ውል መሠረት ኢንኳየረር የሁለቱንም ኅትመት፣ ስርጭትና ማስታወቂያ ይመራ ነበር፤ የዜና ክፍሎቻቸው ግን የተለያዩ ነበሩ። የውሉ ማብቂያ 30 ዓመት አስቀድሞ የተቆረጠ በመሆኑ ፖስት በ2007 የተዘጋው የኬንተኪ መራጭ በዚያ ዓመት ለፖለቲካ ስለሰለቸ ነው ማለት ያስቸግራል። ተመራማሪዎቹ በዚህ ላይ የልዩነቶች ልዩነት የሚባለውን የንጽጽር ስልት አክለውበታል።

በዚህ ያህል አነስተኛ ስርጭት ይህ ለውጥ እንዴት መጣ? አንዱ አሳማኝ ማብራሪያ የጋዜጠኛው መኖር ጋዜጣውን ለማያነበውም ይተርፋል የሚለው ነው። በምክር ቤት ስብሰባ አንድ ዘጋቢ መቀመጡን የሚያውቅ ባለሥልጣን ጥንቃቄ ያደርጋል። አንድ ሰው ያነበበው ዜና በገበያና በቤተ እምነት ደጃፍ ለብዙዎች ይደርሳል። አዲስ ዕጩም ስሙ የሚታወቅበት መድረክ ያገኛል።

ተመልካች ሲጠፋ ምን ሊከተል እንደሚችል በካሊፎርኒያ የቤል ከተማ ታሪክ ያሳያል። የከተማዋን አስተዳደር ከግዛቱ የደመወዝ ገደብ ነፃ ለማውጣት መንገድ የከፈተው የ2005 ልዩ ምርጫ ከ400 ያነሱ ድምፅ ሰጪዎች የተገኙበት ነበር። ነዋሪዋ ከ40 ሺህ በማይበልጠው በዚህች ከተማ የሥራ አስኪያጁ ዓመታዊ ደመወዝ ወደ 800 ሺህ ዶላር መጠጋቱ በሎስ አንጀለስ ታይምስ ዘጋቢዎች የተገለጠው በ2010 ነው። ሥራ አስኪያጁ በኋላ ለእስራት ተዳርገዋል።

ጉዳቱ በገንዘብም ይለካል። ጋኦ፣ ሊና መርፊ በ2020 ያሳተሙት ጥናት ጋዜጣ በተዘጋባቸው አካባቢዎች የመንግሥት አካላት የሚበደሩበት ወለድ ከ0.05 እስከ 0.11 የመቶኛ ነጥብ መጨመሩን አሳይቷል። ይህም አበዳሪዎች ቁጥጥር የላላበትን አስተዳደር ይበልጥ አስጊ አድርገው እንደሚያዩ ያመለክታል። ተጨማሪውን ወለድ የሚከፍለው ጋዜጣውን አንብቦ የማያውቀው ግብር ከፋይም ጭምር ነው።

ማስረጃው ግን ወሰን አለው። የሲንሲናቲው ጥናት አዘጋጆች ግምቶቻቸው በስታቲስቲክስ ረገድ ጥብቅ አለመሆናቸውን ራሳቸው አስፍረዋል። የመራጮች ተሳትፎ እስከ 2010 ድረስ ዝቅ እንዳለ ቢቆይም ሌሎቹ ውጤቶች ከጊዜ ጋር ደብዝዘዋል። ስለዚህ ጉዳቱ የማይሽር ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

በእኛ አገር ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። የኢትዮጵያ የግል ጋዜጦች በአመዛኙ በአዲስ አበባ የተመሠረቱ በመሆናቸው በብዙ ወረዳዎች የሚያሳስበው ነገር የአካባቢ ጋዜጣ መዘጋት ሳይሆን ቀድሞውንም አለመኖሩ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል፤ ግልጽነት ግን የሚያይ ዐይንም ይሻል። ስለዚህ የአገራችን የመገናኛ ብዙኃን ጥናት የጋዜጦችን የስርጭት ቁጥርና የባለቤትነት ዓይነት በመመዝገብ ብቻ ሊወሰን አይገባውም። የወረዳ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ከአዳራሹ ውስጥ ከተሰብሳቢዎቹ ሌላ ማን ነበር፣ የሰማውንስ ለማን አደረሰ የሚለው ጥያቄ ሊጠና የሚችልና ሊጠናም የሚገባው ነው።